የጠፈር ልብስን ለተማሪዎች ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ ከደሴው የፊዚክስ መምህር ጋር

በደሴ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ፤ የጠፈር ልብስ ጠፈርተኛውን እንዴት እንደሚጠብቅ ለተማሪዎች ስለማስረዳት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ለማሳያ ብላችሁ የማንንም ልጅ ጭንቅላት በፌስታል አትሸፍኑ።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ትምህርቱን የጀመርሁት ልብሱ ከብርድ የሚከላከል ወፍራም ካፖርት ነው ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መነሻዎ ብርዱ መሆን አልነበረበትም። ልብሱ ከሁሉ አስቀድሞ አየር የሚይዝ ዕቃ ነው። ልጆቹን ጎሚስታ ዘንድ ይውሰዷቸው። ብቻውን የተነፋ ካላማዳሪያ በሳሳው በኩል ያብጣል፤ ኮፐርቶኒ ውስጥ ሲገባ ግን ቅርጹን ይዞ ጭነት ይሸከማል። የጠፈር ልብስም አየር የማያሳልፍ ውስጠኛ ሽፋንና ሽፋኑ እንዳይለጠጥ የሚገታ ጠንካራ ጨርቅ አለው። አሜሪካኖቹ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲወጡ በሚለብሱት ልብስ ውስጥ ያለው ግፊት 30 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ101 ኪሎ ፓስካል ሲሶ እንኳ አይሞላም። ይህም የሚበቃው የሚተነፍሱት ንጹሕ ኦክስጅን ስለሆነ ነው። ግፊቱ ቢጨመርስ ቢሉ፣ ልብሱ ይደርቅና ክንድ አላጥፍ ይላል። አሌክሴይ ሌዎኖቭ በመጋቢት 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ከሰው ሁሉ ቀድሞ ከመንኮራኩር ወጥቶ 12 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ልብሱ ስላበጠበት፣ በቫልቭ አየር አስተንፍሶ በጭንቅ ነው የተመለሰው። የሕክምና ጓንት ነፍተው አፉን ይሰሩና ልጆቹ ጣቶቹን ለማጠፍ ይታገሉ፤ የሌዎኖቭ ችግር ያኔ ይገባቸዋል።

ከወልድያ፦ ያለ ልብስ የወጣ ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው ይፈነዳል?

መልስ፦ አይፈነዳም፤ ቆዳ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሂዩስተን ውስጥ አየሩ በተመጠጠ የሙከራ ክፍል ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ ቴክኒሺያን የልብሱ ቱቦ ተነቅሎበት በ14 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ስቷል። አየር ተመልሶለት ተርፏል፤ የመጨረሻ ትዝታው ግን ምላሱ ላይ ምራቁ ሲፈላ ነበር።

ከደሴ፦ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን እያስተማርን ምራቅ በ37 ዲግሪ እንዴት ይፈላል?

ከሐይቅ፦ የደሴ ባቄላ ንፍሮ የሚዘገየው ለዚሁ አይደለም እንዴ?

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ ባቄላው አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ!

ከሐይቅ፦ ያንኑ ባቄላ ኮምቦልቻ ቀቅለን አይተነዋል፤ ቶሎ ነው የበሰለው።

መልስ፦ ሐይቆች እውነት አላችሁ፤ አሁን ግን ከድስቱ እንውጣ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 አካባቢ ነው። ወደ ላይ እየወጣን 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንደርስ መፍያው ወደ ሰውነታችን ሙቀት ይወርዳል። ይህን በክፍል ለማሳየት መርፌው የወጣለት ትልቅ ስሪንጅ ይበቃል። ሞቅ ያለ፣ ግን እጅ የማያቃጥል ውሃ እስከ ሩቡ ስባችሁ አየሩን አስወጡ፤ ጫፉን በጣት ደፍናችሁ መግፊያውን በኃይል ወደ ኋላ ጎትቱ። ውሃው ይንተከተካል፤ ስትለቁት ጸጥ ይላል። ከተማሪዎቼ አንዷ በየት በኩል እንዳሞቅሁት ለማወቅ ስሪንጁን አገላብጣ ስትፈትሽ ደወል ተደወለ፤ በማግስቱ የራሷን ስሪንጅ ይዛ መጣች። መርፌው ይውጣ፣ ፌስታልም አይኑር።

ከከሚሴ፦ የልብሱ ዋጋ ስንት ነው? ሽንትስ እንዴት ይሸናሉ?

መልስ፦ ዋጋውን ነጋዴ ይጠይቁ። ዳይፐር ይለብሳሉ።

ከላሊበላ፦ ጠፈር ቀዝቃዛ ከሆነ ጠፈርተኛው እንዴት ይሞቀዋል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፔርሙዝ ቡናውን ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል አየር ስለሌለ ነው፤ ጠፈርተኛውም ፔርሙዝ ውስጥ እንዳለ ቡና ነው። ሲሠራ የሚያመነጨውን ሙቀት ተቀብሎ የሚወስድለት አየር በዙሪያው ስለሌለ፣ 90 ሜትር ያህል ቀጭን ቱቦ የተሰፋበት የውስጥ ልብስ ይለብሳል፤ በቱቦው የሚዞረው ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ይወስድለታል። የጉሉኮስ ቱቦ በተማሪው ክንድ ላይ ጠምጥማችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ብታሳልፉበት ይህንኑ ታሳያላችሁ። ውሃው ግን አደጋም አለው፤ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ከማቀዝቀዣው ያፈተለከ ውሃ የጣሊያናዊው ጠፈርተኛ የሉካ ፓርሚታኖ የራስ ቁር ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን ሸፍኖት ነበር። ክብደት በሌለበት ውሃ ወደ ታች ስለማይወርድ ፊት ላይ ይለጠፋል።

ከመቅደላ፦ ባጭሩ ልብሱ እንዴት ነው የሚጠብቀው?

መልስ፦ ከምን? ከላይ ያለውን አንብበው ጥያቄዎን ለይተው ይምጡ።

ከወልድያ፦ ከጨረርስ?

መልስ፦ በስሱ ወርቅ የተቀባው የፊት መከለያ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ኃይለኛውን ጨረር ግን ልብሱ እምብዛም አያስቀርም።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ፌስታሉን ቀዳዳ ብናበጅለትስ?

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ አይሆንም! ካርቶን ቁረጡ። በተዘጋ ነገር ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ኦክስጅኑ ሳያልቅበት እንኳ የራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጎዳዋል፤ ጠፈርተኛው ጀርባ ላይ ካሉት ነገሮች አንዱ ይህን ጋዝ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። ልጆቹ ከካርቶኑ የራስ ቁር ጋር የጀርባውን ሳጥን ጨምረው ይሥሩ፤ የማጣሪያውንም ቦታ ይሣሉበት።