የኃላፊ መኪና አይፈተሽም፤ ዘበኛው ግን ይጠየቃል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። ጅማ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመንግሥት ተቋም የጥበቃና ደኅንነት ዳይሬክተር ነኝ። ከዚያ በፊት ፖሊስ ነበርኩ። ሹመቱ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «ሹመት ያዳብር» ብሎ መርቆኝ ነበር። አሁን ግን ዳይሬክተር ልሁን የዘበኞች አለቃ ለራሴም ግራ ገብቶኛል።

ከጥበቃዎቻችን ገሚሱ ቋሚ ነው፣ ገሚሱ ደግሞ በኤጀንሲ የተቀጠረ። ከኤጀንሲ ጥበቃዎቹ አንዱ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ የጅማ ዝናብ ሲያወርደው፣ የአንድ ኃላፊ መኪና ሊወጣ በር ላይ ደረሰ። አባባ «ጌታዬ፣ የኋላውን ይክፈቱልኝ» አሉ። ኃላፊው ክላክሳቸውን ከመንፋት በቀር መልስ አልሰጡም። አባባም የዝናብ ልብስ እንኳ ሳይኖራቸው (ከጠየቅን ቆይተናል) ሰንሰለቱን ይዘው ቆሙ። በማግሥቱ እኔ ተጠራሁና «ዘበኞችሽ ሰው አይለዩም እንዴ? ሥርዓት አስተምሪያቸው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የኃላፊ መኪና ብቅ ሲል ሰንሰለቱ ወዲያው ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ከአንድ ቢሮ ፕሮጀክተርና ኮምፒውተር ጠፋ። መጥፋቱ የታወቀው ጠዋት ላይ ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ የነበሩት አባባ ናቸው። የተሰበረ በርም ሆነ መስኮት የለም። ትናንት ለኤጀንሲው የሚላክ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠልኝ። ከሥራ ይታገዱ፣ የንብረቱ ዋጋም ከደመወዛቸው ይቆረጥ ይላል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። ባለቤቴ «ተይው ልቀቂ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሱቅ ከፍተን እንሠራለን» ይለኛል። እኔ ሌላ ዘበኛ እንዳይወነጀልብኝ ማታ ማታ ራሴ ሮንድ መዞር ጀምሬያለሁ፤ ልጆቼ ሳያዩኝ ይተኛሉ። ልፈርም ወይስ ምን ላድርግ?
ዳይሬክተሯ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈርሚ። ይህን የምልሽ አባባ ስላሳዘኑኝ ብቻ አይደለም፤ ሌባው ማን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው።

በር ካልተሰበረ ባለቁልፍ ገብቷል፣ አለዚያም በሩ ሳይቆለፍ አድሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የቁልፍ መዝገቡን አምጪ። የዚያ ቢሮ ቁልፍ ስንት ቅጂ አለው? በማን እጅ ነው? ቀጥሎ ንብረት ክፍል ሂጂና ዕቃው በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ) በማን ስም ወጪ እንደተደረገ እዪ። ፈርሞ የወሰደው ሠራተኛ ዕቃውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ ነው? ከዚያ የርክክብ መዝገቡን ግለጪ። አባባ ማታ የተረከቡት የተቆለፈ በር እንጂ የክፍሉን ውስጥ ካልሆነ፣ ዕቃው ጠራራ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያውም ሰንሰለቱ ወዲያው በሚወርድለት መኪና። ይህ ሁሉ ሳይጣራ አንድ ሽማግሌን ማገድ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ደመወዝ ይቆረጥ የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። የአባባ አሠሪ ኤጀንሲው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ተቋማችሁ ከኤጀንሲው ጋር የገባው ውል ስለጠፋ ንብረት ምን እንደሚል አውጥተሽ አንብቢ፤ የሚጠየቅ ነገር ካለም የሚጠየቀው በዚያ በኩል ነው። ደብዳቤውን ዝም ብለሽ አትመልሺው። ያጣራሽውንና ገና ያልተጣራውን በአንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፈሽ አያይዢ፣ ጉዳዩ ለፖሊስ እንዲመራም ጠይቂ። ፖሊስ ምን ምን እንደሚፈልግ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማታውን ሮንድ ተይው። እሱ የፈረቃ መሪው ሥራ ነው፤ አንቺ ስትዞሪለት እሱ ይተኛል። የአንቺ ሥራ ያለው ቀን ነው፣ ያውም ላይኛው ፎቅ፣ ከአለቆችሽ ዘንድ። «ዘበኞችሽ ሰው አይለዩም» ስትባዪ መልሱ «እንዳይለዩ ነው ያቆምኳቸው» መሆን ነበረበት። አሁንም አልረፈደም። አጭር የፍተሻ መመሪያ አዘጋጂ። ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሲወጣ ይፈተሻል፤ ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ ከበር አያልፍም። የበላይ ኃላፊው ይፈርሙበትና በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በር ላይ ይለጠፍ። በመጀመሪያው ቀን የአንቺና የእሳቸው መኪና ሰው እያየ ይፈተሽ። አልፈርምም ካሉ ጉዳዩን በማኔጅመንት ስብሰባ አንሺና መልሳቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልሽ። ነገ ንብረት ሲጠፋ ያ ቃለ ጉባኤ ያስፈልግሻል።

ጥበቃዎቹንም ከጭቅጭቅ አውጪያቸው። በወር ደመወዙ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ከኃላፊ ጋር እንዲፋለም መጠበቅ ግፍ ነው። አልፈተሽም የሚል ሲመጣ ታርጋውንና ሰዓቱን መዝግቦ ለፈረቃ መሪው ይደውል፣ ሰንሰለቱንም ያውርድ። መዝገቡን ይዘሽ ጠዋት የምትከራከሪው አንቺ ነሽ። ለዳይሬክተር የሚከፈለው እኮ ለዚህ ነው!

ካሜራ ይገዛ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ይገዛ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ ከሌለው ግን ብሩን ለዝናብ ልብስና ለእጅ ባትሪ ብታውሉት ይሻላል።

ስለ ፈረቃ ምንም አልጻፍሽልኝም፤ የኤጀንሲ ጥበቃዎች 12 ሰዓት እንደሚቆሙ ግን እጠረጥራለሁ። በሳምንት 6 ቀን ከሆነ 72 ሰዓት ይመጣል። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። የትርፍ ሰዓቱም ጣሪያ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው በ1.75 ተባዝቶ ይታሰባል። ኤጀንሲው ይህን እንደሚከፍል ማስረጃ ጠይቂ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው የሚጠብቀውን በር ማንም አልፎት ይሄዳል።

ባለቤትሽ አዝኖልሽ ነው፤ ሱቁም ክፉ ሐሳብ አይደለም። ብትለቂ እንኳ ግን መመሪያው ተፈርሞ በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ባዶ ወንበርሽ ላይ የሚቀመጠው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ያንን ደብዳቤ መፈረም ነው። የጥበቃዎቹንም የፈቃድ ፕሮግራም ቀደም ብለሽ መስከረም ላይ አውጪው። የጎማና የማና ወረዳዎች ቡና ቀልቶ ለቀማ ከደረሰ በኋላ ዘመድ ያልሞተበት ጥበቃ አታገኚም።