ሮክ በአማርኛ አይሄድም ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ልጆች ሆነን ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ባለ አንድ መዝናኛ እንጫወታለን። ሁላችንም የሮክ ፍቅር አለብን። ድምፃዊያችን ግን «ሮክ በአማርኛ አይሄድም፤ በእንግሊዝኛ ካልዘፈንን ከዓባይ ድልድይ አንሻገርም» ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ጊታር እመታለሁ፤ ግጥምም እሞክራለሁ። ባለፈው እትም ሃፒ ኤንድ የሚባል የጃፓን ባንድ ጠቅሰው አልፈዋል። እነሱ ይህን ነገር እንዴት ተወጡት? ደግሞስ ያን ያህል ተሰሚ ከነበሩ ለምን ቶሎ ተበተኑ?
ቢ.፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድምፃዊህን አትቆጣው። እሱ የሚለውን ጃፓኖች ከሃምሳ ዓመት በፊት በመጽሔት ላይ ተነታርከውበታል።

ሃፒ ኤንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ቶኪዮ ውስጥ ተመሠረተ። ቤዙን ሃሩኦሚ ሆሶኖ ይመታል። ኤይቺ ኦታኪ ይዘፍናል፤ ጊታርም ይይዛል። ሊድ ጊታሩ የሺገሩ ሱዙኪ ነው፤ ድራሙ የታካሺ ማትሱሞቶ። የሆሶኖ አያት ታይታኒክ ላይ ተሳፍረው ከነበሩት ውስጥ ብቸኛው ጃፓናዊ ነበሩ፤ ተርፈዋልም። ከጥያቄህ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሳልነግርህ ማለፍ አልቻልኩም።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1970 ወጣ፤ በጃፓንኛ። በሌላ በኩል ዩያ ኡቺዳ የሚባል ስመ ጥር ሮከር ነበር። ሮክ የእንግሊዝኛ ነው፣ ዓለምን የፈለገ በእንግሊዝኛ ይዝፈን ባይ ነበር። ኒው ሚውዚክ ማጋዚን የሚባለው መጽሔት ሁለቱንም ወገን አከራከረ። ኡቺዳ ሞኝ አልነበረም። ከጀርባው ሆኖ ያቋቋመው ፍላወር ትራቭሊን ባንድ በእንግሊዝኛ እየዘፈነ ካናዳ ድረስ ሄዷል። ሌላው ክርክር የቋንቋው ጠባይ ነበር። የጃፓንኛ ድምፆች አብዛኞቹ በአናባቢ ያልቃሉ። በአንድ ኖታ ላይ ብዙ ነገር አይሸከሙም። ሮክ ምት ላይ ሲቀመጡ ይንቀራፈፋሉ ይባል ነበር።

መላውን ያመጣው ድራመሩ ነው። የባንዱን ግጥሞች በብዛት የጻፈው ማትሱሞቶ ነበር። ይህን ልብ በልልኝ። ምቱን የሚመታው ሰው ራሱ ቃሉን ሲጽፍ የቱ ላይ እንደሚያርፍ እጁ ያውቀዋል። ድምፁን በተመለከተ ምንም አልተሸማቀቁም። አሜሪካዊውን የሮክ ባንድ ባፋሎ ስፕሪንግፊልድን ይወዱ ነበር፤ ያስታውቅባቸዋልም። ጃፓናዊ ለመምሰል ኪሞኖ ለብሰው መድረክ ላይ አልወጡም። ቃሉ ግን የሰፈራቸው ነው። በ1971 የወጣው ሁለተኛው አልበም፣ ካዜማቺ ሮማን፣ ማትሱሞቶ ያደገባትን ቶኪዮ ያስታውሳል። የ1964ቱ ኦሊምፒክ ከመምጣቱና ሰፈሩ ተቆፋፍሮ ከመለወጡ በፊት የነበረችውን። የሮሊንግ ስቶን የጃፓን እትም በ2007 ከጃፓን የሮክ አልበሞች ሁሉ አንደኛ ያደረገው እሱን ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። የአማርኛ ችግር ሌላ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት። እኔ ከሚክሰሩ፣ ከድምፅ ማመጣጠኛው ጀርባ ሆኜ ዘወትር የምሰማው ይህንን ነው። ዘፋኙ መጥበቅ ያለበትን ፊደል ያለሰልሰዋል፣ ትርጉሙ ይገለበጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው «ምን አለ?» ይላል። የሚጠብቀውን ፊደል ስኔሩ፣ ያ ጯሂው የድራም ከበሮ፣ የሚመታበት ቦታ ላይ አሳርፈው። ግጥምህን ለድምፃዊው ከማሳየትህ በፊት ድራመራችሁ አጠገብ ቁጭ ብለህ አንብብለት።

ስለምን ልጻፍ ካልከኝ፣ ታንኳና የፀሐይ መጥለቂያ ይቅርብህ። እሱ የአስጎብኚዎች ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ዓሳ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። የመንገድ ቁፋሮ አቧራ የጠጣ ዘንባባ አለ። ባጃጅ ውስጥ የሚጣላ ፍቅረኛ አለ።

ድምፃዊህ ማስረጃ ከፈለገ ጃኖ ባንድን አስታውሰው። ኤርታሌ የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ሮኩም አማርኛውም አብረው ሄደዋል። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ይኸው ሰው በ1987 ከጃፓናዊው ሙዚቀኛ ሪዩቺ ሳካሞቶ ጋር ኒዮ ጂኦ የተባለውን አልበም ሠርቷል። ሳካሞቶ ደግሞ ከሃፒ ኤንዱ ሆሶኖ ጋር የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ በሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ አብሮ የተጫወተ ነው። ዝምድናው ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ስለ መበተናቸው፦ ሦስተኛውን አልበም በ1972 ሎስ አንጀለስ ሄደው ከአሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቫን ዳይክ ፓርክስ ጋር ቀረጹ። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ማየት ጀምሯል። ባንዱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን አበቃ፤ የስንብት ኮንሰርታቸው በ1973 ነበር። እኔ አላዝንላቸውም። ሆሶኖ በ1978 የሎው ማጂክን መሥርቶ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓለምን ዞረ። ማትሱሞቶ የድራም እንጨቱን አስቀምጦ በጃፓን ፖፕ ከሚፈለጉት የግጥም ደራሲዎች አንዱ ሆነ። ኦታኪ በ1981 ኤ ሎንግ ቫኬሽን ብሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠ አልበም ሲያወጣ አብዛኛውን ግጥም የጻፈለት የድሮው ድራመር ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የአማርኛ ዘፈን ሞክሩ። መጨረሻ ላይ አታድርጉት፤ ያኔ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ባጃጅ ይፈልጋል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁን፣ ዓሳው ቀርቦ ሰው ገና ሲረጋጋ። ሚክሰር ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ «ኢኮውን ቀንስ፣ ድምፁን ከጊታሩ በላይ አውጣው» በለው። ጊታሪስት ሆነህ ይህን ማለት እንደሚከብድህ አውቃለሁ።