ለፖድካስት የሚሆን ሄድሴት ማይክ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሄድሴት ማይክ ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ፖድካስት ልጀምር ነው። ሁሉም ሰው የጠረጴዛ ማይክ ግዛ ይለኛል። ሄድሴት ቢሆን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ምንም። እንዲያውም ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማይኩ አፍህን ተከትሎ ይሄዳል። የጠረጴዛ ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው ወሬው ሲሞቅ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ወደ እንግዳው ይዞራል፣ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ያያል። ከማይኩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል። የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አንዴ ጆሮ ስር፣ አንዴ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ የምታወራ ትመስላለህ። የስፖርት ኮሜንታተሮች ሄድሴት የሚያደርጉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጎል ሲገባ ብድግ ቢሉም ማይኩ ካፋቸው አይርቅም።

ጉዳት የለውም አልልም። በተመሳሳይ ዋጋ ጥሩ የጠረጴዛ ማይክ ብዙ ጊዜ ድምፁ ሞላ ያለ ነው። ቪዲዮም የምትቀርጽ ከሆነ ፊትህ ላይ መታየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የብሉቱዝ ሄድሴቴ ሙዚቃ ሲያጫውት ቆንጆ ነው። ልቀርጽበት ስል ግን የስልክ ድምፅ ይሆናል። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አትጣዪው። ብሉቱዝ ሙዚቃን በጥራት የሚያጫውትበት መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። ማይኩ ሲከፈት ሄድሴቱ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል። በድሮው የጥሪ አሠራር ድምፅሽ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ ያ ማለት ከ4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በላይ ያለው ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ በአብዛኛው ያለው ከዚያ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቀረጻ ሰውዬው «ሠራ» ይበል «ፈራ» ለመለየት ጆሮ መትከል ያስፈልጋል። ሻል ያለው አሠራር 16,000 ጊዜ ይለካል፤ ለስብሰባ ይበቃል፣ ለፖድካስት ግን አይበቃም። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ ብሉቱዝ ከዚህ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ሄድሴቱም ኮምፒውተሩም ካልደገፉት ዋጋ የለውም። ለቀረጻ ገመድ ያለው ግዢ።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «ኖይስ ካንስሊንግ» ይላል። እኔ ያለሁበት ቤት ጫጫታ ነው፣ ይገላግለኛል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ጆሮህ ነው። አንተ ጫጫታውን አትሰማም፤ ማይኩ ግን ይሰማል። ለማይኩ የተሠራ ማጣሪያ ያላቸውም አሉ፤ ግን ጫጫታውን ሲያጠፉ የቃልህን ጫፍ አብረው ይበሉታል። ካርዲዮይድ የሆነ ማይክ ፈልግ። ከፊቱ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ከኋላው የሚመጣውን ይቀንሳል። በተረፈ መስኮቱን ዝጋ።

ጥያቄ፦ ዩኤስቢ፣ ቀጭኑ ጃክ ወይስ ኤክስኤልአር?

መልስ፦ ብቻህን ኮምፒውተር ላይ የምትቀርጽ ከሆነ ዩኤስቢ። ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ራሱ ስለሆነ የላፕቶፑ ሳውንድ ካርድ ሹክሹክታ («ሽሽ» የሚለው ድምፅ) አይገባብህም።

ባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ከሆነ ጫፉን ቀረብ አድርገህ እይ። ብረቱን የሚከፋፍሉ ቀለበቶች አሉ። ሦስት ከሆኑ ማዳመጫና ማይክ በአንድ ላይ ነው፤ ለስልክ ይሆናል። አረንጓዴና ሮዝ ቀዳዳ ለየብቻ ያለው ኮምፒውተር ላይ ግን ማከፋፈያ ገመድ ካልጨመርክ ማይኩ አይሠራም። «አዲስ ገዝቼ አይቀርጽም» ከሚሉኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ይቺው ናት።

ኤክስኤልአር፣ ባለ ሦስት እግሩ ወፍራም ክብ መሰኪያ፣ የብሮድካስት ሰዎች ነው። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ቢፒኤችኤስ1 ያለው ሄድሴት ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይኩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳጥን) ወይም ሚክሰር ይፈልጋል። እሱ ዳይናሚክ (ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ማይክ) ስለሆነ ከኢንተርፌሱ የ48 ቮልት ኃይል አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ መጽሐፍ በድምፅ ነው የማነበው። ትንፋሼ እየገባ አስቸገረኝ። ማይኩ ይሆን ጥፋቱ?

መልስ፦ አባቴ፣ ማይክዎ ጤነኛ ነው፤ ያለበት ቦታ ነው የተሳሳተው። መዳፍዎን ከአፍዎ ፊት ያድርጉና «ፖሊስ» ይበሉ። ነፋሱ መዳፍዎን ይመታዋል። አሁን እጅዎን ወደ ጉንጭዎ ወስደው ከከንፈርዎ ጥግ አጠገብ ያድርጉትና ይድገሙት። ነፋሱ የለም። ማይኩ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው፤ ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ርቆ። ከአፍንጫ ስር ቀጥታ አያድርጉት፤ የአፍንጫ ትንፋሽ ወደ ታች ነው የሚወርደው። (የሚገርመው «ጴጥሮስ» ሲሉ «ፖሊስ» የሚሉትን ያህል ነፋስ አይወጣም። ይሞክሩት።)

ስፖንጁን አያውልቁት። ካርዲዮይድ ማይክ በጣም ሲቀርብ ድምፅን ያጎረናል፤ ከበዛብዎት አንድ ጣት ያርቁት። ለረጅም ንባብ ደግሞ ጭንቅላት የማይጨምቅ ይምረጡ፣ በተለይ መነጽር ካደረጉ።

ጥያቄ፦ የጌም ሄድሴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። 7.1 የሚለው (ድምፅ ከዙሪያህ የሚመጣ የሚያስመስለው) ለመስማት ነው፣ ለማይኩ ምንም አይጨምርለትም። መብራቱም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በቀረጻ እንጂ በወሬ አይታወቅም። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ማጣሪያና ራሱ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን አጥፋ። ከዚያ 10 ሰከንድ ዝም በል፣ በተለመደው ድምፅህ አውራ፣ ጮክ ብለህ ሳቅ። ጌይኑን (ማይኩ ድምፅህን የሚያጎላበትን መጠን) ስታወራ በመቅረጫ ፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል እንዲሆን አስተካክለው። በሌላ ማዳመጫ አዳምጠው። ዝምታው ላይ ሹክሹክታው ጎልቶ ከተሰማ፣ ሳቁ ላይ ከተሰነጣጠቀ መልሰው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን፣ ሁለት ዩኤስቢ ሄድሴት አንድ ላፕቶፕ ላይ ብንሰካስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው ዩኤስቢ የሚያስቸግረው። አብዛኛው የመቅረጫ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚቀበለው። ማክ ላይ ሁለቱን እንደ አንድ መሣሪያ ማጣመር ይቻላል፤ ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ጣጣ አለው። ቀላሉ መንገድ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ኮምፒውተር ወይም ስልክ መቅረጽ ነው። ሲጀምር አንዳችሁ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገጥሙታላችሁ። ጆሮ ላይ የሚገጥመው ከኋላው የተዘጋ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ የምትሰሙት ድምፅ ወደ ማይኩ ተመልሶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ቶሎ የሚበላሸው የቱ ነው?

መልስ፦ ገመዱ፣ ጃኩ ስር። ጎትታችሁ አትንቀሉት። ገመዱ የሚነቀልና የሚቀየር ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ። ስፖንጁን ግን በየጊዜው ቀይሩት፤ ምራቅ ነው የሚጠጣው።