ወደ ትውስታ ምርምር ለመግባት አንድ ሙከራ ከዳር አድርሺ

ውድ ጠያቂያችን፣

የሥነ ልቦና ዲግሪሽን ለመጨረስ አንድ ዓመት እንደቀረሽና ከዚያ በኋላ የሰውን የማስታወስ ችሎታ በሙከራ በሚያጠና ላብራቶሪ በረዳትነት መሥራት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልናል። ሒሳብ ስለሚከብድሽ በአንጎል ምስል ሥልጠና በኩል ብትገቢ ይቀልሽ እንደሆነም ጠይቀሻል። አይቀልሽም። የአንጎል ምስል ጥናት ከአንድ ሰው ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶች ስለሚያመጣ ስታቲስቲክሱ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። በዚያ ላይ ተሳታፊው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ የሚሠራው ፈተና በደንብ ካልተነደፈ ምስሉ ምንም አይነግረንም።

ምክሬ በቀረሽ ዓመት አንድ ትንሽ ሙከራ ከጥያቄው እስከ ትንተናው ራስሽ ሠርተሽ እንድትጨርሺ ነው። ረዳት የሚፈልግ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሙከራ መገንባት፣ ተሳታፊ ማስተናገድና ዳታ ማጽዳት መቻልሽን ነው። ውድ መሣሪያም አያስፈልግም፤ ሙከራ የሚገነባበት ሳይኮፓይና ስታቲስቲክስ የሚሠራበት አር የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይበቁሻል።

ለምሳሌ «አንድን ቃል ሁለቴ ሲያዩት በተከታታይ ነው ወይስ አራርቆ የሚሻለው?» የሚለውን ጥያቄ ውሰጂ። አራርቆ ማየት እንደሚበልጥ ከጀርመናዊው የትውስታ ተመራማሪ ከኤቢንግሃውስ የ1885 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምሮ ይታወቃል። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነው፤ የተለየ ውጤት ቢመጣብሽ መጀመሪያ የራስሽን ንድፍ ትፈትሻለሽ።

80 ቃላት አዘጋጂ፤ 40ው የሚጠኑ፣ 40ው በፈተናው ላይ ብቻ የሚመጡ። በፈተናው ተሳታፊው ለእያንዳንዱ ቃል «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ብሎ ቁልፍ ይጫናል። ከሚጠኑት 20ው በተከታታይ፣ 20ው በሌሎች ቃላት ተለያይተው ሁለት ሁለት ጊዜ ይታዩ፤ እያንዳንዱ እይታ 2 ሰከንድ ይቆይ። የቃላቱ ርዝመትና የተለመዱ መሆናቸው ይመጣጠን፤ የትኛው ቃል በየትኛው ምድብ እንደሚገባም ከተሳታፊ ተሳታፊ ይቀያየር። አለዚያ ያገኘሽው ልዩነት ከድግግሞሹ ይሁን ከቃላቱ መለየት አትችይም። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ሌላ ነገር አለ፤ የሁለተኛው እይታ ቦታ በሁለቱም ምድቦች በአማካይ እኩል መሆን አለበት። ተራርቀው የታዩት ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ካዘነበሉ ለፈተናው ስለሚቀርቡ ብቻ ይበልጣሉ። በጥናቱና በፈተናው መካከል 3 ደቂቃ ቁጥር የማስላት ሥራ ስጫቸው፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት በአእምሯቸው እየደጋገሙ ይዘው እንዳይገቡ።

እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ሁኔታ ስለሚያልፍ መካከለኛ መጠን ያለውን ልዩነት (0.5፣ ማለትም የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግማሽ) በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት 34 ሰው ገደማ ይበቃል። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ብታደርጊው በየቡድኑ 64 ያስፈልግሽ ነበር። ከአማካሪሽ ጋር ሆነሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳታገኚ ግን አንድም ሰው እንዳትፈትኚ።

በመጀመሪያ አራት አምስት ሰው ሞክሪበት። ሁሉም ከ95 በመቶ በላይ ካገኙ ፈተናው ቀሏል፤ ቃላቱን አብዢ ወይም በጥናቱና በፈተናው መካከል ያለውን ጊዜ አርዝሚ። ማንን ከዳታው እንደምታስወጪ (ለምሳሌ ሁሌም አንድ ቁልፍ የሚጫነውን) ዳታው ከመምጣቱ በፊት ጽፈሽ አስቀምጪ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሰፊ ፍተሻ ከተደገሙት 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች ጉልህ ውጤት የሰጡት ከ40 በመቶ በታች ነበሩ፤ ውጤትን አይቶ ሕግ መቀየር ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሒሳቡን የምትማሪው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ተሳታፊ ካየቻቸው ቃላት 98 በመቶውን «አይቻለሁ» አለች፤ ካላየቻቸውም 50 በመቶውን እንዲሁ። ሌላዋ 84 በመቶና 16 በመቶ አስመዘገበች። ለዓይን የመጀመሪያዋ የምትበልጥ ይመስላል፤ ግን ሁለቱን መጠኖች ወደ ዜድ ነጥብ (ከአማካይ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደሚርቅ ወደሚያሳይ ቁጥር) ቀይረሽ ስትቀናንሺ ለሁለቱም 2 ገደማ ይመጣል። የመለየት አቅማቸው ተቀራራቢ ነው፤ የመጀመሪያዋ «አዎ» ማለት ይቀናታል እንጂ። ይህ ስሌት ዲ ፕራይም ይባላል። መጠኑ 0 ወይም 1 ከሆነ ዜዱ ስለማይሰላ ለትክክለኛዎቹም ለስህተቶቹም የ«አይቻለሁ» መልሶች ቆጠራ 0.5፣ ለታዩትም ላልታዩትም ቃላት ጠቅላላ ቁጥር 1 ይጨመራል። ይህን በአር በራስሽ ዳታ ከሠራሽ በኋላ የሁለት አማካዮችን ልዩነት የሚመዝነው ቲ ፈተና እንደ ዱሮው አያስፈራሽም።

የምላሽ ፍጥነት ለመለካት ካሰብሽ ተጠንቀቂ። ተራ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ አንድ ምስል የሚቆየው በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ብዜት ነው፤ 40 ብለሽ ብታዢ 33 ወይም 50 ይሆናል። ተራ ኪቦርድም የራሱን መዘግየት ይጨምርበታል። ለመጀመሪያው ሥራሽ ትክክለኛነቱን ብቻ ለኪ።

ስታመለክቺ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ኮዱንና ስም የሌለበትን ዳታ ከደብዳቤሽ ጋር አያይዢ፤ ተሳታፊዎች ዳታቸው እንዲጋራ መፍቀዳቸውን ግን ከመጀመሪያው በስምምነት ቅጹ ላይ አስፈርሚ። በሁለቱ ምድቦች መካከል ልዩነት ባታገኚም ላኪው፤ ለምን እንዳልታየ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ብቻ ጨምሪበት።