የዝንጅብሉን ጀርባ ፀሐይ ይምታው

የግቢ አበባ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከሰላም ሰፈር ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ዴንቨር ያለችው ልጄ ለአዲስ ዓመት ትመጣለች። የጎረቤቷ ግቢ አይሪስ በሚባለው አበባ የተሞላ ነው። ግንቦትን ሙሉ ፎቶ ስትልክልኝ ከረመች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ከላይ ቢጫ ከታች ሰማያዊ። "እማ፣ የቱን ላምጣልሽ?" ትለኛለች። ቀይ ቢገኝማ እንዴት ደስ ባለኝ! በረንዳዬ ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው ጠርዝ ስር፣ አራት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን መደብ አለኝ። አፈሩ ጥቁር ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ጠዋት ነው። የትኛውን ዝርያ ልምረጥ?
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ጥቁሩም ላይ ሮዙም ላይ አይደለም። "ከጣሪያው ጠርዝ ስር" የሚለው ላይ ነው። ቀለሙ ይደርሳል። መጀመሪያ ስለ ጠፈጠፉ እንነጋገር።

ጺማም አይሪስ (አበባው ላይ ጺም የመሰለ ፀጉር ስላለው ነው ስሙ) ከመሬት የሚይዘው ነገር ቁርጥ ዝንጅብል ነው የሚመስለው። ወፍራም ነው፣ አግድም ይተኛል፣ ከጎኑ እየቀነጠበ ይራባል። እኔ ቤት ስሙም "ዝንጅብሉ" ነው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው። ስንቁን የሚያስቀምጠው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ጥም ይችላል። የማይችለው ውሃ ሲተኛበት ነው። የደሴን ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ሳምንት ይሞላዋል። ከሰማይ የሚወርደው ሳያንስ የቆርቆሮው ውሃ ሲጨመርበት ዝንጅብሉ መስከረምን አያይም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ግቢ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሦስት ቁራጭ አገኘሁ። አንድ ችግኝ ሻጭ "እንደ ድንች ቅበሪው፣ ፍግ አልብሽው" አለኝ። ሰኔ ላይ ቀበርኩት፤ የበግ ፍግም አለበስኩት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ከስሩ ዘመም አለ። ሳብ ባደርገው ምንም ሳይታገለኝ እጄ ላይ ቀረ። አፈሩን ገለጥ አደረግሁና ዝንጅብሉን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ጣቴ ሰመጠ። ውስጡ እንደ ገንፎ ላልቷል። ሽታው በሳሙና ታጥቤም እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ባክቴሪያ የሚያመጣው ብስባሴ ነው። የሚገባው በቁስል ነው፣ የሚፋፋው ደግሞ በእርጥበትና በፍግ ነው። ሦስቱንም አጣሁ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ ልጅዎ ሳትመጣ መደቡን ያዘጋጁ። ወይ አሸንዳ ያሰሩ፣ ወይ መደቡን ከጠፈጠፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። ጥቁር አፈርዎ ዋልካ ከሆነ ውሃ ቋጥሮ ይይዛል። በድንጋይ ከበው ከመሬት ሃያ፣ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉት። ሲሶ ያህል ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አይንካው። ዩሪያም እንዲሁ፤ ቅጠሉን ያፋፋና ገላውን ያለሰልሰዋል። ፀሐዩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ሳይቋረጥ ካገኘው ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ።

ቀዩን ይተዉት። እንደ በርበሬ የቀላ አይሪስ የለም። ዝርያ አዳቃዮች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበታል፤ የደረሱት እስከ ጡብ መልክና እስከ ጥቁር ቀይ ወይን መልክ ነው። በየበራችን የምንተክለውን ጌራኒየም የሚያቀላው ፔላርጎኒዲን የሚባል ቀለም አይሪስ ውስጥ የለም። ስለዚህ "ቀይ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ካዩ ፎቶው ተነካክቷል፣ ወይም ሻጩ ቃሉን አላልቶታል። ቀይ ካማረዎ ጌራኒየሙን ከጎኑ ያቁሙለት።

ጥቁሩም ጥቁር አይደለም። እጅግ የጠቆረ ወይን ጠጅ ነው። ሄሎ ዳርክነስ የሚባለውን ፎቶ ልካልዎት ይሆናል፤ በጣም የታወቀ ነው። ውበቱን አልክድም። ግን ከጥቁር አፈር በላይና ከጠቆረ የድንጋይ አጥር ፊት ሲቆም ከሩቅ አይታይም። ግድግዳዎ ነጭ ቀለም የተቀባ ከሆነ ብቻ ይውሰዱት።

ከቀለም በፊት ልጅዎ የምትጠይቀው ነገር አለ፦ "በአንድ አገዳ ስንት እምቡጥ ይይዛል?" አንዷ አበባ የምትቆየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። አምስት እምቡጥ ያለው አገዳ ቶሎ ያልቅበታል። ዘጠኝ አሥር የሚይዘው በየተራ እየከፈተ ሳምንታት ይዘልቃል። ሰው ፎቶ ሲያይ አንዷን አበባ ያያል። ግቢ ውስጥ የሚኖሩት ግን ከአገዳው ጋር ነው።

ቀጥሎ የአበባውን ቅጠል ውፍረት ትጠይቅ። የእኔ አይሪስ የሚያብበው የታኅሣሥና የጥር ብርድ ካለፈ በኋላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ያ ደግሞ የበልግ ጊዜ ነው። አንድ የከሰዓት በረዶ ስስ አበባን እንደ እርጥብ ወረቀት ያጣብቀዋል። ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተዘነጣጠለው ዓይነት ደግሞ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲበዛበት አንዳንዴ እምቡጡ ተቆላልፎ ይቀራል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፈውንም ይለፉት፤ በነፋስ ይሰበራል።

እኔን ከጠየቁኝ እነዚህን ያምጡ።

ነጩ ኢሞርታሊቲ ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። ቁመቱ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ነውና በቀላሉ አይወድቅም። ጠባዩ ከተስማማው በዓመት ሁለቴ ያብባል። ለጀማሪ የሚታዘዝ ተክል ነው።

ከዚያ ደስኪ ቻሌንጀር። ጥልቅ ወይን ጠጅ ነው፣ ሐር የመሰለ። በእምቡጥ ብዛት የታወቀ ነው። አበባው ትልልቅ ስለሆነና ቁመቱም ወደ አንድ ሜትር ስለሚጠጋ ቀጭን ሸንበቆ አጠገቡ ይትከሉለት። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳይክስ ሜዳሊያ አግኝቷል። ሜዳሊያው አሜሪካ ውስጥ ለአይሪስ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት ነው። ነገር ግን ዳኞቹ የሚያዩት እዚያው የበቀለውን ነው፤ የእኛን ክረምት አያውቁትም። ስለዚህ ሜዳሊያ ብቻውን አያማልልዎት።

ሮዙን ከወደዱ ቤቨርሊ ሲልስን እመርጣለሁ። ስሙ የአንዲት አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ነው። ከሮዝ ወደ ኮክ ፍሬ ሥጋ መልክ ያደላል። ቁመቱ ዘጠና ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ያ ከላይ ቢጫ ከታች ሰማያዊ ያሉኝ ኢዲት ዎልፎርድ ሳይሆን አይቀርም። ልብ የሚሰርቅ ነው። ግን እንደ እርስዎ ባለ ትንሽ መደብ ላይ አራት ዓይነት ሲበዛ ዓይን ይደክማል። ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት። በመካከላቸው ሠላሳ፣ አርባ ሳንቲሜትር ይተዉ፤ በሦስት ዓመት መደቡን ይሞሉታል።

የልጅዎ መምጫ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዝንጅብሉ ተቆፍሮ የሚሸጠው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ደርቆ በወረቀት ከተጠቀለለ ለሳምንታት ይቆያል። ላስቲክ ውስጥ እንዳታስገባው። ዝም ብላ ሻንጣ ውስጥ ከትታ እንዳትመጣም ይንገሯት። ከዚህ የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከዚያ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ፈቃዱን ከግብርና ባለሥልጣን አሁኑኑ ይጠይቁ። አንድ የታመመ ቁራጭ ለእርስዎ ግቢ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ይተርፋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ይትከሉ። ትንሽ የአፈር ጉብታ ይሥሩ፣ ዝንጅብሉን እላዩ ላይ ያስቀምጡ፣ ክሮቹን ግራና ቀኝ ያውርዱ፣ አፈር ይመልሱ። ጀርባው ከአፈር ውጭ ይታይ። ፀሐይ ይምታው። የሚያይዎት ሰው ሁሉ "ሳትቀብሪው ረሳሽ እንዴ?" ይልዎታል። አይስሙት። አንዴ ያጠጡ፣ ከዚያ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ።

ምሽት ላይ እምቡጡ እንደታጠፈ ጃንጥላ ተጠምዝዞ ይታያል። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ወጥተው ይዩት። ሦስቱ ቅጠል ወደ ላይ ቆሟል፣ ሦስቱ ወደ ታች ወርዷል። በወረዱት ላይ ከመሃል የሚነሳ ጺም አለ፣ እያንዳንዱ ፀጉር ጫፉ ላይ ጤዛ ይዞ። ንቧ ያንን ጺም ተከትላ ነው የምትገባው። አጎንብሰው ያሽትቱት። የእኔ ወይን ጠጁ ልክ የወይን ፍሬ ይሸታል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ደሴ ያለችው አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከአይሪሷ ገምሳ ሰጠችኝ። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ያማረ ነው፤ አበባ ግን አንድም የለም። አቮካዶው ስር ነው የተከልኩት። ዩሪያም ጨምሬበታለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ጥላውና ዩሪያው አንድ ላይ ቅጠል ብቻ ሰጥተውሃል። መስከረም ላይ አውጣውና ሙሉ ፀሐይ ላይ አድርገው። ማዳበሪያውን ተው።

ግን እውነቱን ልንገርህ። ረጃጅሞቹ ጺማም አይሪሶች አብዛኞቹ ለማበብ የብርድ ወራት ይፈልጋሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ሐረጎን ወርደህ አንተ ጋ ስትደርስ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብለሃል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአይሪስ ግን ሌላ አገር ነው። ቦታ ቀይረህለት በሁለት ዓመት ካላበበ ለአክስትህ መልስላት። አንተ የአፍሪካ አይሪስ የሚባለውን ዲየተስን ትከል። ጺም የለውም፣ አበባውም ከአንድ ቀን ብዙም አይዘልቅም። ነገር ግን ብርድ ሳይጠብቅ ደጋግሞ ያብባል፣ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ግቢህ ውስጥ በግ ካለ የጺማሙን ዝንጅብል ቆፍረህ አትጣልላት። ሆድ ይጎዳል፤ ለሕፃንም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ እናቴ አምና ወደ አኼራ ሄዳለች። መቃብሯ ዳር ነጭ አበባ መትከል እፈልጋለሁ። በየቀኑ ሄጄ ማጠጣት አልችልም። በእርስዎ ዓምድ ስለ አይሪስ አንብቤ ነበር፤ ይሆን ይሆን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላህ ይዘንላቸው። የጠየቁኝ አበባ ለዚሁ ነገር የታወቀ ነው። አይሪስ አልቢካንስ ይባላል። አገሩ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው፣ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ። ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ መቃብር ላይ ሲተክሉት ኖረዋል። ከሄዱበት አብሯቸው እየሄደ እስከ ስፔን ደርሷል። የሚገርመው ዘር አያፈራም። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ሁሉ የተዳረሰው ሰው በእጁ እየገመሰ ስለሰጠው ነው።

አበባው ንጹሕ ነጭ ነው፣ ጥሩ ይሸታል። ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አይበልጥም። እንደ ረጃጅሞቹ ጽኑ ብርድ አይፈልግም፣ ድርቅም ይችላል። ያለ እርስዎ ወራት ይቆያል። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልዎ ከሆነ ለመምህርቷ የጻፍኩት የፈቃድ ነገር ለእርስዎም ይሠራል።

ሲተክሉት ከመቃብሩ ዝቅ ባለው በኩል ሳይሆን ከፍ ባለው በኩል ያድርጉት፤ ውሃ ወደ ታች ይሄዳልና። በዙሪያው ድንጋይ ከደረደሩ አንዱን ጎን ለውሃው ክፍት ይተዉለት። ክረምት ላይ ሣሩ እንዳያለብሰው አንድ ሁለቴ ሄደው ይንቀሉለት። የመጀመሪያው ዓመት ምንም ባያብብ እንዳይነቅሉት።