ፍየል እንግዛበት ያሉት ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውሃ ምህንድስና ተመርቃ፣ ዓመት ከምናምን ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ አሁን በበጎ ፈቃደኝነት ማላዊ ልትሄድ ነው። ለአንድ ዓመት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አበሉን በዶላር ነው ወይስ በአገሩ ገንዘብ ልቀበል? ምረጪ ብለውኛል።»

«በዶላር» ብዬ መለስኩላት። ማሰብም አላስፈለገኝም። ከዛ ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለሷ ብቻ አይደለም። እንደሷ ተመርቃችሁ፣ ሰው አገር ሄዳችሁ ማኅበረሰብ ልታለሙ ፎርም ለምትሞሉ ሁሉ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ፣ ለመመዝገቢያ ገንዘብ ከሚጠይቃችሁ ደላላ ሽሹ የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ እዘለዋለሁ። የአፍሪካ ኅብረቱም፣ የተባበሩት መንግሥታቱም የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ለማመልከት ሳንቲም አያስከፍልም። በቃ።

እኔ አርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ የተመረቅሁት በ1984 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ አንድ የውጭ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ አድርጎ ማላዊ ላከኝ፤ ፈረንጆቹ 1993 የሚሉት ዓመት ግንቦት ላይ ማለት ነው። የተመደብኩት ዴድዛ ነበር። ከዋና ከተማው ከሊሎንግዌ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ሞዛምቢክ ድንበር ላይ ያለ ደጋ። አፍሪካ ስለተባለ ሙቀት መስሎኝ (አፍሪካዊው እኔ!) ሸሚዝ ብቻ ጠቅልዬ ሄጄ ሰኔ ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የደረስኩበት ጊዜ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሞቀበት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 14 ቀን 1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ አንድ ፓርቲ ይቀጥል ወይስ ብዙ ፓርቲ ይምጣ። የአንድ ፓርቲው ምልክት ጥቁር አውራ ዶሮ፣ የብዙ ፓርቲው ፋኖስ። ፋኖሱ አሸነፈ። ከፕሬዚዳንቱ ከካሙዙ ባንዳ የሠላሳ ዓመት ዘመን በኋላ ሰው ጮክ ብሎ ማውራት ሲጀምር አየሁ። ከደርግ ለወጣ ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ደረሰኝ ሳሳትምና መዝገብ ሳሰምር ከረምኩ።

ሥራዬ የእጅ ፓምፕ ነበር። አፍሪዴቭ። እኛም አገር በየገጠሩ ያለው ነው፤ ሥራው ማላዊ ተጀምሮ ኬንያ ላይ ያለቀ ፓምፕ ነው። ሀሳቡ ግሩም ነው። የመንደሩ ሴቶች ራሳቸው ዘንጉን በእጃቸው ስበው አውጥተው፣ ያለቀችውን ጎማ ቀይረው መልሰው እንዲገጥሙት ተብሎ የተሠራ። ክሬን የለ፣ መካኒክ የለ። ግን ጎማዋም ዘንጉም በነጻ አይመጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ መንደር ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ከየቤቱ ያዋጣል፣ ለመለዋወጫ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ ያንን ገንዘብ በሥርዓት እንዲይዙ አሠለጥናለሁ። የ25 ዓመት ልጅ፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴቶችን ስለ ቁጠባ!

ገንዘብ ያዧ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሁሉም «አጎጎ» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው። ትንሽ ሰውነት፣ ሁልጊዜ የታሰረች መሐረብ፣ ገንዘቡ እዛች መሐረብ ውስጥ። ለ680 ክዋቻ (የማላዊ ገንዘብ ነው) ስንቴ ተቆጥሮ ስንቴ እንደታሰረ! ስብሰባ ላይ ተነሱና «ፍየል እንግዛበት» አሉ። 12 ፍየል ይገዛ ነበር። ፓምፑ ሲሰበር አንዷን ወይ ሁለቷን እንሸጣለን፣ እስከዛ ይወልዳሉ አሉ።

እኔ ሳቅሁ።

ክፉ ሳቅ አልነበረም። ግን ሰው ሁሉ ፊት ነበር፣ እሳቸውም አዩት። ከዛ እንደ ተማርኩት አስረዳሁ፤ ፍየል ይታመማል፣ ይሰረቃል፣ ጅብ ይበላዋል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ የማን ማሳ ይገባል፣ ጠብ ያመጣል፤ ፖስታ ቤት ቁጠባ ግን ደብተር አለው፣ ወለድ አለው፣ ማንም አይነካውም። የሚያስተረጉምልኝ የመንግሥት የውሃ ሠራተኛ ነበር፣ በዕድሜ እኩያዬ። አጎጎ ረዘም አድርገው መለሱ፣ እሱ አሳጥሮ «እሺ ብለዋል» አለኝ። ከወራት በኋላ ነው እውነቱን የነገረኝ። «ወረቀት ሲወልድ አይቼ አላውቅም፣ ግን ልጁ እንግዳ ነው፣ አናሳፍረው» ነበር ያሉት።

እዛ አገር አንድ ተረት አለ፤ የሰላ ምላጭ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ነው ይላሉ። የመጣሁ ሰሞን ሽማግሌዎቹ ነግረውኝ ነበር፣ ለምስጋና ነው ብዬ ደስ አለኝ። በርግጥ ለምስጋና ነው። ግን ምላጭ እኮ ይቆርጣል።

ፖስታ ቤት ገባ ገንዘቡ። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 የካቲት መንግሥት ክዋቻውን ለገበያ ለቀቀው። ዓመቱ ሲጀምር አንድ ዶላር አራት ተኩል ክዋቻ ገደማ ነበር፣ ዓመቱ ሲያልቅ 15 ገደማ። እናንተ ይሄን ለማወቅ ታሪክ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ሲለቀቅ እያንዳንዳችሁ አይታችሁታል። እኔ ያን ቀን ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ነዳጅ አይደለም፣ ዘይትም አይደለም። ያቺ መሐረብ ናት።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናብ ሳይገባ ውሃ በጠፋበት ሰሞን፣ የፓምፑ ዘንግ ተበጠሰ፤ ከሱም ጋር ሌላ ሌላውም ተበላሽቶ ነበር። ሱቅ ሄድን። ዋጋው በየወሩ እየተለወጠ ነው፣ ባለሱቁ ራሱ በእርሳስ ነው የሚጽፈው። የነሱ ገንዘብ የሚያስፈልገውን ሲሶ እንኳ አይገዛም። ተመልሰን ስንመጣ አጎጎ ደብተሩን ከቤት አምጥተው ሰጡኝ። ማንበብ አይችሉም። «ስንት ይላል?» አሉኝ በአስተርጓሚው። አነበብኩላቸው። 680 ከጥቂት ወለድ ጋር። «አልጎደለም?» አልጎደለም። «ሰው አልነካውም?» አልነካውም። ደብተሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዛ ወደ ፓምፑ አዩ። ሌላ ምንም አላሉኝም። የፍየሉን ነገር አላነሱም። ቢያነሱት ምናለ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሴቶቹ ጭቃማው ሜዳ ውስጥ ወደሚቆፍሩት ጉድጓድ ተመለሱ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። የኔ አበል በዶላር ነበር። ክዋቻው ሲወድቅ እኔ ከበርኩ፣ ቃሉ ይሄው ነው። ባልደረቦቼ ጋር «ዘንድሮ ተመቸን» እያልን እንስቅ ነበር። ሊሎንግዌ ወርጄ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ገዛሁ። የቴፑ ዋጋ ያንን ፓምፕ ሠርቶ ይተርፍ ነበር፤ ይሄን ያሰላሁት ያኔውኑ ነው፣ ከገዛሁ በኋላ፣ አውቶቡስ ላይ። ለምን አልሰጠኋቸውም? ድርጅቱ ሕግ ነበረው፤ ከኪሳችሁ ገንዘብ አትስጡ፣ ሰው ጥገኛ ይሆናል የሚል። ጥሩ ሕግ ነው። አሁንም አምንበታለሁ፣ ለእናንተም እመክራለሁ፣ ገንዘብ አታድሉ። ግን እኔ ያን ጊዜ ሕጉን ያከበርኩት ለሕጉ ብዬ አልነበረም። ዕዳ እኮ ነበር፣ ስጦታ አልነበረም። በኔ ምክር የጠፋ ገንዘብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ውሌ አለቀና ዘንጉ ሳይገጠም ወደ አገሬ መጣሁ።

ፓምፑን ኋላ ማን እንደሠራው፣ ጨርሶስ መሠራቱን አልጠየቅሁም። ደብዳቤ መጻፍ ይቻል ነበር።

እዚህ ላይ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ያስተማረው ፒስኮር፣ የአሜሪካ መንግሥት የላከው በጎ ፈቃደኛ ነበር። እነሱ መጀመሪያ በ1962 እንደ ፈረንጆቹ ሲመጡ 280 የሚጠጉ ልጆች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ ቀጥታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ኋላ ላይ ተማሪው ሰላዮች ናቸው ብሎ ተነሳባቸው። ወንድሜም አብሮ ጮኋል፣ ጮሆ ሲያበቃ ግን ማታ መምህሩ ቤት ሄዶ ሻይ ጠጥቷል። ዛሬም «መምህሬ» ነው የሚለው። እኔ ይሄን እየሰማሁ ስላደግሁ ማላዊ ስሄድ «እኔ ጥቁር ነኝ፣ አፍሪካዊ ነኝ፣ እንደ ፈረንጅ አይቆጥሩኝም» ብዬ ነበር የተጽናናሁት። የመጀመሪያው ቀን ሕፃናቱ «አዙንጉ! አዙንጉ!» እያሉ ከኋላዬ ሮጡ። ፈረንጅ ማለት ነው። እኔን፣ የጎጃሙን ልጅ! ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ልጆቹ ልክ ናቸው። በዶላር የሚበላ፣ ሲከፋው የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ገና አውሮፕላን ሳትወርዱ ሕፃን አቅፋችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቃላችሁ። ሁሉ ነገር ለሲቪ ነው። «ኢምፓክት» የምትሉት ነገር አለ፣ ሪፖርቱ ከሥራው ይቀድማል። አልወደውም። ባለቤቴ ይሄን ስታነብ ከሳሎን ተነስታ የማላዊ አልበሜን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሁለት ፊልም ሙሉ ፎቶ፣ ግማሹ እኔ ሕፃን አቅፌ። እሺ። ሲቪውንም ልጨምር፤ ከዛ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ሁሉ «ማላዊ ሁለት ዓመት» በሚለው መስመር ነው የመጣው። ሁለት ዓመትም አልሞላም፣ 19 ወር ነው። ስለዚህ ለሲቪ ብላችሁ ብትሄዱም ሂዱ፣ ምን ላድርግ። ግን ሲቪው ላይ ከጻፋችሁት በኋላ እዛ ሰፈር ማን ምን እንደከፈለ እወቁ።

ልጅቷን መልሼ ደወልኩላት። በዶላር ያልኩሽን አልቀየርኩም አልኳት፤ ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ የማላዊ ማዕከላዊ ባንክ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ኅዳርም ክዋቻውን ባንዴ ዝቅ አድርጎታል፣ እናትሽም ጥገኛሽ ናቸው። ግን የነሱን ቁጠባ በምን ይዘውት እንደኖሩ ሳትጠይቂ ደብተር አታውጪ አልኳት። በቆሎ ይሁን፣ ፍየል ይሁን፣ ቆርቆሮ ይሁን። አስተርጓሚሽ ሲያሳጥርብሽ ደግሞ አስቁሚውና «ሙሉውን ንገረኝ» በይው። እሷ «እሺ ጋሼ» አለችኝ፣ ጻፈችውም አልጻፈችውም እንጃ።

የአጎጎን ስም ጠየቀችኝ፣ ምናልባት ዴድዛ ከሄድኩ ቤተሰባቸውን አፈላልጋለሁ ብላ። አላውቀውም። መዝገቡ ላይ ከ«ገንዘብ ያዥ» አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ ነው ያለው፣ ስም የሚጻፍበትን መስመር እኔው ራሴ ባዶ ትቼዋለሁ። መንደሩን ግን ነገርኳት፤ ከዴድዛ ወደ ንችው ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ፣ ትምህርት ቤቱን አልፈሽ፣ ፓምፑ ከማንጎው ሥር ነበር። ሹራብ ያዢም ብያታለሁ።