ማሽኑ የተቋራጭ፣ ትእዛዙ የወረዳ ሲሆን ማንን ትከሻለሽ?

እህቴ፣ «ለኮሪደር ልማት አጥር ብቻ ይነሳል ተብሎ ስካቫተሩ የእናቴን ማድቤት ከነዕቃው አፈረሰው፤ ወረዳው ተቋራጩን፣ ተቋራጩ ወረዳውን ጠይቂ ይሉኛል» ያልሽው የእኔው ታሪክ ነው። ለልማቱ ለሚነሳው አጥር የሚጠየቀውን ካሳ ለጊዜው ተይው፣ እሱ ሌላ መንገድ አለው።

1. ቀን ቁጠሪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ክስ አይደለም። እኔ 14 ወር «ነገ ተመለስ» ስባል ከረምኩ።

2. ሁለቱንም አንድ ላይ ክሰሺ። እኔ ወረዳውን ብቻ ከሰስኩ፤ መንግሥት የት ይሄዳል ብዬ። በ2126 ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥት ይጠየቃል፣ እሱን ነበር የያዝኩት። የወረዳው ነገረ ፈጅ 2134ን መዘዘብኝ። ማሽኑም ኦፕሬተሩም የተቋራጩ ናቸው፣ ተቋራጩ ደግሞ በእኛ ሥር ያልሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው፣ ስለዚህ ለጥፋቱ አንጠየቅም አለ። ፊቴን ወደ ተቋራጩ ሳዞር 2 ዓመቱ አልፏል። በይርጋ ተዘጋ። ፍሪጁ፣ ሁለት ኩንታል ጤፉ፣ የአባቴ ቁም ሳጥን፣ 85 ሺህ ብር የሚሆን ንብረት እንደዚያው ቀረ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የዚያን ቀን የወረዳው ሰው ማሽኑ ፊት ቆሞ በእጁ እያመለከተ «ግፋ! ወደዚህ ግፋ!» ይል ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። 2134 አሠሪውን የሚያድነው እኮ ሠሪው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ካልሆነ ነው! ዳኛው «ማን ነው ያዘዘው?» ሲሉኝ ስሙን አላውቅም፣ ምስክርም አላዘጋጀሁም። «አንድ ሰውዬ» አልኩ። መዝገቡ ላይ እንዲሁ ተጻፈ።

3. ስለዚህ ያዘዘውን ሰው ስም አሁኑኑ ያዢ፤ ጎረቤት እንዳይረሳ፣ እንዳይበተን። እኔ ከተረታሁ በኋላ አፍራሾቹ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲመጡ ደብተር ይዤ ቆምኩ። የማሽኑን ሰሌዳ፣ ሰዓቱን፣ ከባጁ ላይ ያነበብኩትን ስም ጻፍኩ፣ ሦስት ጎረቤት አስፈረምኩ። የአንዲት እናት ግንብ ከመስመሩ ውጪ ፈርሶ ነበር። እሳቸው ወረዳውንም ተቋራጩንም ከሰሱ፣ በወረዳውና በተቋራጩ መካከል ያለው ውል እንዲቀርብም ፍርድ ቤቱን ጠየቁ። ውሉ ሲመጣ በሥራው ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው ተቋራጩ ነው ይላል። ተቋራጩ ከፍርድ በፊት ታርቆ ከፈላቸው። ያ ደብተር የእኔ ነው፣ ዛሬም አለኝ።

ማድቤቱ የፈረሰበትን ቀንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ጻፊልኝ። ክሱን ስታረቅቂ አብሬሽ አያለሁ።